ኮምፕሊመንት ማሟያ ብቻ ነውን? በቢና በቲ ሊምፎሳይት ላይ ስላለው ሥልጣን የቀረበ ሂሳዊ ቅኝት

መግቢያ

በሕክምናና በጤና ሳይንስ ትምህርት ቤቶች ስለ ኮምፕሊመንት ፕሮቲኖች ሲነሳ የሚዘረዘሩት ሦስት ተግባራት የታወቁ ናቸው፤ እነርሱም የባክቴሪያን ሽፋን መብሳት፣ ዋጭ ሕዋሳት ጀርሙን እንዲለዩት ምልክት ማድረግና ብግነትን መቀስቀስ ናቸው። ተማሪው ክላሲካል፣ ሌክቲንና አልተርኔቲቭ የሚባሉትን ሦስት መንገዶች ከነቅደም ተከተላቸው ሸምድዶ ይፈተናል፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን አብዛኛው ይረሳዋል። በዚህ አቀራረብ ኮምፕሊመንት ከሰውነት ጋር አብሮ የሚወለደው መከላከያ ክፍል ብቻ ሆኖ ይቀራል። በልምድ የሚዳብረው መከላከያ ማለትም የቢና የቲ ሊምፎሳይቶች ሥራ ደግሞ በሌላ ምዕራፍ፣ ራሱን የቻለ ዓለም መስሎ ይቀርባል።

ላለፉት ሃምሳ ዓመታት የተሰበሰበው ማስረጃ ይህን ግድግዳ አፍርሶታል። የኮምፕሊመንት ስብርባሪዎች ቢ ሊምፎሳይት በምን ያህል አንቲጂን እንደሚነቃ፣ ቲ ሊምፎሳይት ማጥቃቱን መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚያቆም፣ ሰውነትም የራሱን ሕዋስ ከባዕድ እንዴት እንደሚለይ በመወሰን ረገድ ድርሻ እንዳላቸው ታውቋል። ይሁን እንጂ አዲሱ ግንዛቤም የራሱ ችግር አለው። ከአይጥ የተገኘ ውጤት ሳይመረመር ወደ ሰው ይተላለፋል፤ በጥቂት ሕመምተኞች ላይ የታየ ነገር አጠቃላይ ሕግ ይሆናል። ስለሆነም የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ኮምፕሊመንት የሚነገረውን ሁሉ መድገም ሳይሆን፣ ከሚነገረው ውስጥ ጽኑ መሠረት ያለውንና ገና ማረጋገጫ የሚሻውን ለይቶ ማሳየት፣ ልዩነቱም ለጤና ባለሙያው ዕለታዊ ሥራ ምን ትርጉም እንዳለው ማመልከት ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የስሙ ታሪክና ያስከተለው ጉዳት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የኮምፕሊመንት ስም ግን ከመልአክ ይልቅ በዘመኑ ከነበረው ዕውቀት የወጣ ነው። በ1890ዎቹ ዓመታት ዡል ቦርዴ በፓሪሱ የፓስተር ኢንስቲትዩት ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ ባክቴሪያን ለመግደል በደም ውኃ ውስጥ ሁለት ነገሮች እንደሚያስፈልጉ አሳየ። አንደኛው ሙቀት የሚቋቋምና በክትባት የሚጨምር ሲሆን፣ ሁለተኛው በሙቀት የሚጠፋና ክትባት ባልተደረገላቸው እንስሳት ውስጥም የሚገኝ ነው። ፖል ኤርሊክ ይህን ሁለተኛውን «ኮምፕሊመንት» ማለትም ማሟያ ብሎ ሰየመው፤ የሚያሟላውም የፀረ እንግዳ አካልን ሥራ ስለነበረ ነው። ቦርዴ በዚህ ዘርፍ ላበረከተው ሥራ የ1919ን የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ስያሜው በዘመኑ ትክክለኛ ነበር፤ ሆኖም የነገሩን አቅጣጫ አንድ ብቻ አድርጎ አስቀመጠው። ፀረ እንግዳ አካል ያዛል፣ ኮምፕሊመንት ይፈጽማል የሚል ሥርዓት ተተከለ። ከዚህ ሥርዓት የወጣ ሐሳብ ያቀረበ ሰው ምን እንደሚገጥመው የሉዊስ ፒለመር ታሪክ ያስረዳል። ፒለመር በ1954 ፕሮፐርዲን የተባለ ፕሮቲን ማግኘቱንና ኮምፕሊመንት ያለ ፀረ እንግዳ አካል ትዕዛዝ ሊነቃ እንደሚችል አስታወቀ። ተቺዎቹ ያየው ነገር በናሙናው ውስጥ የቀረ ጥቂት ፀረ እንግዳ አካል ውጤት ሊሆን ይችላል በማለት ተከራከሩት። እርሱ በ1957 ሲሞት ክርክሩ አልተቋጨም ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ግን ዛሬ አልተርኔቲቭ የሚባለው መንገድ መኖሩ ተረጋግጦ ሐሳቡ እውቅና አገኘ።

ትዕዛዙ በተቃራኒው አቅጣጫም ሊሄድ እንደሚችል፣ ማለትም ኮምፕሊመንት ራሱ በፀረ እንግዳ አካል መመረት ላይ ሥልጣን እንዳለው የሚያሳየው የመጀመሪያው ጠንካራ ማስረጃ የመጣው ከማርክ ፔፒስ ነው። ፔፒስ በ1972ና በ1974 ባወጣቸው ሥራዎች፣ ከኮብራ እባብ መርዝ በተገኘ ንጥረ ነገር የአይጦችን ሲ3 አሟጥጦ ከጨረሰ በኋላ አንቲጂን ሰጣቸው። የቲ ሊምፎሳይት ርዳታ ለሚያስፈልጋቸው አንቲጂኖች የሚሰጡት የፀረ እንግዳ አካል ምላሽ ቀነሰ። ሆኖም ይህ ግኝት በብዙ የማስተማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ተገቢውን ቦታ ሳያገኝ ሁለት አሥርት ዓመታት አለፉ። የዘገየበት አንዱ ምክንያት በጊዜው አሠራሩን የሚያስረዳ ሞለኪውል አለመታወቁ ነው፤ ሌላው ግን ማሟያ የተባለ ነገር አዛዥ ይሆናል ብሎ ማሰብ ለአእምሮ መክበዱ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ቢ ሊምፎሳይት፦ ከሁሉ የጸናው ማስረጃ

አሠራሩ ዛሬ በሚገባ ይታወቃል። ሲ3 በደም ውስጥ ከሚገኙት የኮምፕሊመንት ፕሮቲኖች ሁሉ በብዛት የላቀ ሲሆን መጠኑ በአንድ ሊትር አንድ ግራም ያህል ነው። ሲነቃ ሲ3ቢ የተባለው ክፍሉ በጀርሙ ገጽ ላይ በጽኑ ኬሚካላዊ ትስስር ይጣበቃል፤ ከዚያም በኢንዛይም ደረጃ በደረጃ እየተቆረጠ መጨረሻ ላይ ሲ3ዲ የተባለች ትንሽ ቁራጭ ትቀራለች። ይህች ቁራጭ በቢ ሊምፎሳይት ላይ ለሚገኘው ሲዲ21 ለተባለ ተቀባይ ትመቻለች። ሲዲ21 ደግሞ ከሲዲ19ና ከሲዲ81 ጋር ተጣምሮ ይኖራል። ስለዚህ ሲ3ዲ የተለጠፈበት አንቲጂን ሲመጣ ቢ ሊምፎሳይቱ በአንድ ጊዜ ሁለት ምልክት ይደርሰዋል፤ አንዱ አንቲጂኑን ከሚለየው ተቀባዩ፣ ሌላው ከሲዲ19 በኩል። የሁለቱ መገጣጠም ሕዋሱ የሚነቃበትን ደፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ በጥቂት አንቲጂንም እንዲነሳ ያስችለዋል።

የዚህን ኃይል መጠን በግልጽ ያሳየው በ1996 ከዳግላስ ፊረን ቤተ ሙከራ የወጣው ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ ከዶሮ እንቁላል የተገኘን ላይሶዛይም ከሲ3ዲ ጋር አጣምረው ለአይጦች ሰጡ። ሁለት የሲ3ዲ ቅጂ የተጨመረለት አንቲጂን 1,000 እጥፍ፣ ሦስት የተጨመረለት ደግሞ 10,000 እጥፍ ያህል የበለጠ ምላሽ አስነሳ። ጀርሙ ላይ የተለጠፈው ምልክት ለዋጭ ሕዋሳት ብቻ የተጻፈ አለመሆኑ፣ ሊምፎሳይቶችም እንደሚያነቡት በዚህ ተረጋገጠ።

ሥራው በመቀስቀስ አያበቃም። በንፍፊትና በጣፊያ ውስጥ የሚገኙት ፎሊኩላር ዴንድሪቲክ ሕዋሳት በኮምፕሊመንት ተቀባዮቻቸው አማካይነት አንቲጂንን ለረጅም ጊዜ ይዘው ያቆያሉ፤ ቢ ሊምፎሳይቶችም ወደነርሱ እየተመላለሱ ተቀባዮቻቸው ከአንቲጂኑ ጋር ያላቸውን መጣጣም ይፈትናሉ። በ2021 የወጣ ጥናት ደግሞ በጀርሚናል ማዕከል ውስጥ ያሉ ቢ ሊምፎሳይቶች ሲዲ55 የተባለውን የኮምፕሊመንት መቆጣጠሪያ ዝቅ እንደሚያደርጉ፣ በሲ3ኤና በሲ5ኤ ተቀባዮች በኩል የሚመጣው ምልክትም ብቁ የሆኑት ሕዋሳት ተመርጠው እንዲተርፉ እንደሚያግዝ አሳይቷል።

በዚህ ክፍል ያለው ማስረጃ ጽኑ ቢሆንም ሁለት ጥያቄዎችን ማንሳት ተገቢ ነው። የመጀመሪያው የአይጥንና የሰውን ልዩነት ይመለከታል። በሰው ውስጥ ሲአር1ና ሲአር2 (ሲዲ21) ከሁለት የተለያዩ ጂኖች የሚገኙ ሲሆን፣ በአይጥ ግን ሁለቱም ከአንድ ጂን ይመነጫሉ። ስለዚህ ይህ ጂን የጠፋባት አይጥ ሁለቱንም ተቀባዮች በአንድ ጊዜ ታጣለች፤ በእርሷ ላይ የታየው ከባድ ጉድለትም ሁሉ በሲዲ21 መጥፋት ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ሁለተኛው ጥያቄ በተፈጥሮ ሲዲ21 ስለሌለው ሰው ነው። በ2012 የተገለጸ አንድ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ የፀረ እንግዳ አካል መጠኑ ዝቅ ያለ ነበር፤ ለፕሮቲን ክትባት የሰጠው ምላሽ ግን በቂ ሲሆን፣ የተዳከመው ለሳንባ ምች ባክቴሪያ ፖሊሳካራይድ የሰጠው ምላሽ ነበር። በአንጻሩ በ2006 ከሁለት ቤተሰቦች የተገለጹት ሲዲ19 የሌላቸው 4 ሕመምተኞች ግልጽ የሆነ የፀረ እንግዳ አካል ጉድለት ነበረባቸው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት በሰው ውስጥ የሲ3ዲ ምልክት ዋና ጉልበቱ ሌላ ረዳት በሌለበት ቦታ ላይ ሳይሆን አይቀርም የሚል ነው። ከአይጥ የተገኘው የ10,000 እጥፍ ቁጥር በሰው ሁሉና በአንቲጂን ሁሉ ላይ እንደሚሠራ አድርጎ ማስተማር ከማስረጃው ማለፍ ነው።

ስለ ሕፃናት ክትባት የሚያስረዳው ነገር

ይህ ልዩነት ከክትባት ክፍል ሥራ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ለንጹሕ ፖሊሳካራይድ ክትባት ጥሩ ምላሽ እንደማይሰጡ ማንኛውም ክትባት ሰጪ ያውቃል። ፖሊሳካራይድ የቲ ሊምፎሳይትን ርዳታ መጥራት ስለማይችል፣ ከሲ3ዲ በሚመጣው ሁለተኛ ምልክት ላይ ይበልጥ ጥገኛ ነው። ለዚህ አንቲጂን ፈጥነው የሚነሱት ደግሞ በጣፊያ ጠርዝ ላይ የሚገኙትና ሲዲ21 በብዛት የሚሸከሙት ቢ ሊምፎሳይቶች ናቸው። በ1989 በሕፃናት ጣፊያ ላይ የተደረገ ምርመራ በዚህ ክፍል ያሉት ሕዋሳት በሕፃንነት ዕድሜ ገና እንዳልበሰሉና ሲዲ21 እንደሚያንሳቸው አመልክቷል።

የኮንጁጌት ክትባት ብልሃት እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። ፖሊሳካራይዱን ከፕሮቲን ጋር በማጣመር የቲ ሊምፎሳይት ርዳታ እንዲገኝ ያደርጋል፤ በዚህም የሕፃኑ ኮምፕሊመንት ተቀባይ ያላሟላውን በሌላ በር ያሟላል። ኢትዮጵያ በ2011 የሳንባ ምች ኮንጁጌት ክትባትን በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ ስታስገባ በተግባር ያዋለችው ይህንኑ መርሕ ነው። ለእናቶች የክትባቱን ጥቅም የሚያስረዳ ባለሙያ ይህን ሁሉ ዝርዝር መናገር አይጠበቅበትም፤ ነገር ግን አንዱ ክትባት በሕፃን ላይ የሚሠራበትን ሌላው የማይሠራበትን ምክንያት ማወቁ ለሥራው ጥራት ይጠቅመዋል።

ተቃርኖው፦ ቀስቃሽ ሲጎድል ለምን ሉፐስ ይመጣል?

ኮምፕሊመንት የሊምፎሳይቶችን ምላሽ የሚያጎላ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ እርሱ የጎደለበት ሰው የራስን አካል ከሚያጠቁ ሕመሞች የተጠበቀ በሆነ ነበር። እውነታው ግን የተገላቢጦሽ ነው። ሲ1ኪው ፈጽሞ ከሌላቸው ሰዎች መካከል ከመቶ 90 በላይ የሚሆኑት ሉፐስ ወይም ሉፐስ መሰል ሕመም ይይዛቸዋል፤ ሲ4 ፈጽሞ በሌላቸው ዘንድ መጠኑ ከመቶ 75 ያህል ነው፤ በሲ2 ጉድለት ደግሞ በእጅጉ ዝቅ ይላል። ሲ3 የጎደላቸው ሰዎች ግን በዋነኛነት የሚጠቁት መግል በሚያመጡ ባክቴሪያዎች ነው። የመንገዱ መነሻ ላይ ያለው ጉድለት ሉፐስን፣ መካከሉ ላይ ያለው ኢንፌክሽንን ማምጣቱ በአጋጣሚ የሚሆን አይደለም።

ለዚህ ሦስት ማብራሪያዎች ቀርበዋል። የመጀመሪያው የጽዳት ማብራሪያ ሊባል ይችላል፤ ሲ1ኪው በሥርዓት የሞቱ ሕዋሳትን ቅሪት ለይቶ እንዲወገድ ያደርጋል፤ እርሱ ሲጎድል ቅሪቱ ተከማችቶ የራስ አንቲጂን ምንጭ ይሆናል። በ1998 በማሪና ቦቶና በባልደረቦችዋ የቀረበው ሥራ ሲ1ኪው በሌላቸው አይጦች ኩላሊት ውስጥ እንዲህ ያለ ቅሪት መከማቸቱን አሳይቷል። ሁለተኛው ማብራሪያ በማይክል ካሮልና በባልደረቦቹ የቀረበ ሲሆን፣ ኮምፕሊመንት የራስ አንቲጂንን ገና ለሚያድጉ ቢ ሊምፎሳይቶች በማቅረብ ራስን የሚያጠቁት እንዲጣሩ ይረዳል ይላል። ሦስተኛው በ2018 የቀረበ ነው፤ በዚህ መሠረት ሲ1ኪው ሲዲ8 የተባሉ ቲ ሊምፎሳይቶችን የኃይል አጠቃቀም በመግራት ከልክ ያለፈ ምላሽ እንዳይሰጡ ያደርጋል።

ሦስቱ እርስ በርስ የሚጠፋፉ አይደሉም። ሆኖም እኩል ክብደት ሊሰጣቸው አይገባም። የጽዳት ማብራሪያ በሰውም በእንስሳም የተደገፈና ከሕመሙ መልክ ጋር የሚጣጣም ነው፤ ነገር ግን ብቻውን በቂ አይደለም፤ ምክንያቱም የሞቱ ሕዋሳትን ማስወገድ የተጓደለበት እንስሳ ሁሉ ሉፐስ አይይዘውም። ሁለተኛው አሳማኝ ቢሆንም አብዛኛው ድጋፉ ጂናቸው ከተለወጠ አይጦች የመጣ ነው። ሦስተኛው አዲስና ማራኪ ሲሆን፣ መሠረቱ የአይጥ ሙከራ ስለሆነ በሲ1ኪው ጉድለት በተያዙ ሰዎች ላይ በስፋት መፈተን ይኖርበታል።

ለባለሙያው ከዚህ የሚከተለው ጥንቃቄ ግልጽ ነው። በሉፐስ ሕመምተኛ ላይ ዝቅ ያለ ሲ3ና ሲ4 ሲገኝ አብዛኛውን ጊዜ ሕመሙ ፕሮቲኖቹን እየበላቸው መሆኑን ያመለክታል፤ አንዳንዴ ግን ጉድለቱ ቀድሞ የነበረና ለሕመሙ መንስኤ የሆነ ነው። በልጅነት የጀመረ፣ በቤተሰብ የሚደጋገም ወይም ሕክምናው ከሠራ በኋላም አጠቃላዩ የኮምፕሊመንት መጠን ከዜሮ የማይነሳበት ሉፐስ ሁለተኛውን እንዲያስቡ ሊያደርግ ይገባል።

ቲ ሊምፎሳይት፦ ማስረጃው የሚሳሳበት ስፍራ

በቲ ሊምፎሳይት ላይ ያለው ታሪክ ይበልጥ አስደናቂ፣ ይበልጥም አከራካሪ ነው። በ2005 የወጡ ሁለት የአይጥ ጥናቶች ሲዲ55 የሌላቸው ቲ ሊምፎሳይቶች ምላሻቸው ከልክ በላይ እንደሚጎላ አሳዩ። በ2008 ደግሞ አንቲጂን አቅራቢው ሕዋስና ቲ ሊምፎሳይቱ ራሳቸው በመገናኛቸው ስፍራ ሲ3ኤና ሲ5ኤ እንደሚያመርቱ፣ እነዚህም ቲ ሊምፎሳይቱን እንደሚያነቁ ተገለጸ። ኮምፕሊመንት ከጉበት ተመርቶ በደም የሚዞር ነገር ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ በዚህ ተናጋ።

በሰው ውስጥ ትኩረቱ ያረፈው ሲዲ46 ላይ ነው። ክላውዲያ ኬምፐርና ባልደረቦችዋ በ2003 እንዳሳዩት የሰው ቲ ሊምፎሳይት በሲዲ3ና በሲዲ46 በኩል በአንድነት ሲነቃ ኢንተርሊዩኪን-10 የሚያመነጭ ተቆጣጣሪ ሕዋስ ይሆናል። በ2010 ደግሞ ይኸው መንገድ በመጀመሪያ ኢንተርፌሮን ጋማን፣ ኢንተርሊዩኪን-2 ሲበዛ ግን ኢንተርሊዩኪን-10ን እንደሚያስመርት፣ የሩማቶይድ አርትራይተስ ሕመምተኞች ሕዋሳት ይህን ሽግግር ማድረግ እንደሚሳናቸው ተዘገበ። ይህ ትልቅ ሐሳብ ነው፤ አንድ ተቀባይ ጦርነቱን ያስጀምራል፣ ጊዜው ሲደርስም ያስቆማል ማለት ነው።

ሐሳቡ ግን በእንስሳ ለመፈተን አዳጋች ነው። አይጥ ሲዲ46ን የምትሸከመው በሰውነቷ ሁሉ ሳይሆን በዋነኛነት በወንዴው ዘር ፍሬ ውስጥ ነው። ስለዚህ በሰው ሕዋስ ላይ በቤተ ሙከራ ዕቃ ውስጥ የታየውን በሕያው እንስሳ ደግሞ ማየት አልተቻለም። በቢ ሊምፎሳይት በኩል አይጥ ከሰው በላይ ተናጋሪ ሆና አሳሳች ስትሆን፣ እዚህ ደግሞ ፈጽሞ ምስክርነት መስጠት አትችልም።

ከሁሉ የበለጠ ክርክር ያስነሳው በ2013 የቀረበው ግኝት ነው። በዚህ መሠረት በሰው ቲ ሊምፎሳይት ውስጥ የሲ3 ክምችት አለ፤ ካቴፕሲን ኤል የተባለ ኢንዛይም ይቆርጠዋል፤ የሚገኘው ሲ3ኤም ሕዋሱ በሕይወት እንዲቆይ ይረዳዋል። ከዚህ ተነሥቶ በሕዋስ ውስጥ የሚሠራ ኮምፕሊመንት የሚል አዲስ የምርምር ዘርፍ ተከፈተ። ይሁን እንጂ ሁለት ጥያቄዎች መልስ ይሻሉ። አንደኛ፣ ክምችቱ ከየት መጣ? በ2017 የወጣ ሥራ ሕዋሳት የሲ3ን አንድ ዓይነት ከአካባቢያቸው እየሳቡ እንደሚያስገቡ አሳይቷል፤ ስለዚህ በሕዋስ ውስጥ የተገኘ ሁሉ በሕዋሱ የተመረተ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። ሁለተኛ፣ ሲ3 ለቲ ሊምፎሳይት ሕልውና ይህን ያህል አስፈላጊ ከሆነ በተፈጥሮ ሲ3 የጎደላቸው ሰዎች ለምን በዋነኛነት በባክቴሪያ እንጂ የቲ ሊምፎሳይት እጦት በሚያመጣቸው ሕመሞች አይጠቁም? ጥያቄው ሐሳቡን አይሽረውም፤ የሚያሳየው ግን በሕዋስ ባህል ላይ የተገኘ ውጤት ከሕመምተኛው አልጋ ጋር ገና አለመታረቁን ነው።

ከሙከራ ዕቃ ይልቅ የሚያሳምነው ምስክር በ2017 ተገኘ። ሲዲ55 በተፈጥሮ የጎደላቸው 11 ሕመምተኞች ተገለጹ። ሕመማቸው በልጅነት የሚጀምር የሆድ ሕመምና ተቅማጥ፣ ፕሮቲን በአንጀት በኩል የሚባክንበትና ሰውነት የሚያብጥበት፣ አንዳንዴም የደም መርጋት የሚከተለው ነው። በቲ ሊምፎሳይቶቻቸው ላይ ኮምፕሊመንት ከልክ በላይ ሲነቃ፣ ሳይቶካይን የማመጣጠን ችሎታቸውም ተጓድሎ ታይቷል። ሲ5ን የሚያግደው ፖዜሊማብ የተባለ መድኃኒት በ2023 በአሜሪካ ለዚህ ሕመም ተፈቅዷል። እዚህ ላይ ጂኑ፣ የሕዋሱ ባሕርይ፣ የሕመሙ መልክና የመድኃኒቱ ውጤት ወደ አንድ አቅጣጫ ያመለክታሉ። ሌሎቹ የቲ ሊምፎሳይት ሐሳቦች ሊለኩ የሚገባቸው በዚህ ሚዛን ነው።

ከቅርብ የሚገኝ ምሳሌ

እነዚህ ጥያቄዎች የሩቅ አገር ጉዳይ ብቻ አይደሉም። በሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ላይ የሚከሠተው ኤሪቴማ ኖዶሰም ሌፕሮሰም የተባለው ሁለተኛው ዓይነት ሪአክሽን ከ1969 ጀምሮ የአንቲጂንና የፀረ እንግዳ አካል ጥምር ክምችት ውጤት ነው ተብሎ ሲታሰብ ቆይቷል፤ ኋላ ግን የቲ ሊምፎሳይቶች ድርሻም ታወቀ። በአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታል ሕመምተኞች ላይ ተሠርቶ በ2018 የወጣ ጥናት ሕክምና ባልጀመሩ የዚህ ሪአክሽን ሕመምተኞች ደም ውስጥ የሚዞረው ሲ1ኪው ቀንሶ፣ በቆዳቸው ውስጥ ግን የሲ1ኪው ጂኖች እንቅስቃሴ ጨምሮ አግኝቶታል።

የውጤቱ ጥንካሬ ደምና ሕብረ ሕዋስ የተለያየ ታሪክ ሊናገሩ እንደሚችሉ ማሳየቱ ነው፤ ደም ብቻ ቢመረመር ኖሮ ኮምፕሊመንት ጎደለ ተብሎ ይደመደም ነበር። የሚቀረው ጥያቄ ደግሞ በሉፐስ እንደተነሳው ያለ ነው፤ ሲ1ኪው በሪአክሽኑ ተበልቶ ቀነሰ ወይስ መቀነሱ ሪአክሽኑን አመጣ? ይህን ለመለየት ሪአክሽኑ ከመነሣቱ በፊት ጀምሮ ሕመምተኞችን በተከታታይ መመርመር ይጠይቃል። የሥጋ ደዌ ሕመምተኞች ለወራት ክትትል የሚደረግላቸው በመሆኑ እንዲህ ያለው ጥናት በአገር ውስጥ ሊሠራ የሚችል ነው።

ለሕክምና ያለው አንድምታ

ኮምፕሊመንትን የሚያግዱ መድኃኒቶች በዓለም ገበያ ላይ እየበዙ ነው። ሲ5ን የሚያግደው ኤኩሊዙማብ በ2007፣ ሲ3ን የሚያግደው ፔግሴታኮፕላን በ2021 በአሜሪካ ተፈቅደዋል። ዋጋቸው እጅግ ውድ ነው፤ ሆኖም በውጭ አገር ሕክምና የጀመሩ ሕመምተኞች ወደ ማንኛውም ጤና ተቋም ሊመጡ ይችላሉ። ኤኩሊዙማብ በሚወስዱ ሰዎች ላይ በሜኒንጎኮከስ የመያዝ ዕድል ከሌላው ሰው ከ1,000 እስከ 2,000 እጥፍ እንደሚደርስ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ያመለክታል። ኢትዮጵያ በማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ከሚገኙ አገሮች አንዷ በመሆኗ ይህ ችላ የሚባል አይደለም። ክትባት መድኃኒቱ ከመጀመሩ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ መሰጠት አለበት፤ የተከተበ ሰውም ሙሉ በሙሉ ተጠብቋል ማለት ስላልሆነ ትኩሳት ሲይዘው እንደ ድንገተኛ ሕመምተኛ መታየት ይኖርበታል።

ከላይ የተገለጸው ዕውቀት እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ይጨምራል። ሲ5 ሲታገድ ሲ3ዲ መመረቱ አይቋረጥም፤ ስለዚህ ለቢ ሊምፎሳይት የሚደርሰው ምልክት በመርሕ ደረጃ ይቀጥላል። ሲ3 ሲታገድ ግን ይህ ምልክት ከምንጩ ይነካል። በመሆኑም ሁለቱን የመድኃኒት ዓይነቶች «ፀረ ኮምፕሊመንት» በሚል አንድ ስም ጠቅልሎ ማየት ትክክል አይሆንም፤ በሲ3 ደረጃ የሚያግዱት በክትባት ምላሽ ላይ ያላቸው ውጤት ለብቻው ሊጠና ይገባል።

ውድ መድኃኒትና የተራቀቀ ቤተ ሙከራ በሌለበትም ቢሆን ሊደረግ የሚችል ነገር አለ። ማጅራት ገትር ሁለተኛ ጊዜ የያዘውን ወጣት፣ በተደጋጋሚ መግል በሚያመጡ ባክቴሪያዎች የሚጠቃን ልጅ ወይም በልጅነት ሉፐስ የያዘውን ሕመምተኛ ሲያዩ ስለ ወንድምና እኅት፣ ስለ ወላጆችም ዝምድና መጠየቅ ወጪ የለውም። ናሙና ወደ ሌላ ላቦራቶሪ የሚላክ ከሆነም የኮምፕሊመንት ፕሮቲኖች በሙቀት በቀላሉ እንደሚበላሹ መዘንጋት የለበትም። ቦርዴ ከመቶ ዓመት በፊት ያየው ይህ ባሕርይ ዛሬም ሐሰተኛ የጉድለት ውጤት ያስገኛል፤ የደሙ ውኃ በፍጥነት ተለይቶ በጥልቅ ቅዝቃዜ ካልተቀመጠ ምርመራው ዋጋ የለውም።

ማጠቃለያ

ኮምፕሊመንት በልምድ የሚዳብረውን መከላከያ ይቆጣጠራል የሚለው አባባል በጥቅሉ እውነት ነው፤ በዝርዝሩ ግን ክብደቱ ይለያያል። በቢ ሊምፎሳይት ላይ ያለው ሚና የጸና ነው፤ በሰው ውስጥ ወሰኑ ከአይጥ ይልቅ ጠበብ ያለ ቢሆንም። ራስን በመታገሥ ረገድ ያለው ሚና በሕመምተኞች የተረጋገጠ ነው፤ አሠራሩ ግን አንድ ሳይሆን በርካታ ሳይሆን አይቀርም። በቲ ሊምፎሳይት ላይ ከቀረቡት ሐሳቦች ሲዲ55ን የሚመለከተው ጽኑ መሠረት አግኝቷል፤ የሲዲ46 መንገድ ጠንካራ ሆኖ በሕያው አካል ማረጋገጫ ይጎድለዋል፤ በሕዋስ ውስጥ ያለው የሲ3 ክምችት ደግሞ ገና በክርክር ላይ ነው።

የማስተማሪያ ሥርዓቱም ከዚህ ጋር ሊራመድ ይገባዋል። ሦስቱ መንገዶች በቃል ከሚጠኑ ይልቅ፣ ሲ3ዲ ለሊምፎሳይት የሚያደርሰው መልእክት፣ የሲ1ኪው ጉድለት ሉፐስን የሚያመጣበት ተቃርኖና ኮንጁጌት ክትባት በሕፃን ላይ የሚሠራበት ምክንያት በአንድ ክፍለ ጊዜ ቢሰጡ ተማሪው የሁለቱን መከላከያዎች ግንኙነት ከሕመምተኛው ጋር አያይዞ ይረዳል። በተፈጥሮ ጉድለት የተወለዱ ጥቂት ሰዎች ከብዙ የቤተ ሙከራ እንስሳት በላይ ስላስተማሩም፣ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ ያጋጠመው ባለሙያ ታሪኩን በጥንቃቄ መዝግቦ፣ ከሕመምተኛውም ፈቃድ አግኝቶ ለሙያ ባልደረቦቹ ማሳወቁ ለዘርፉ የሚሰጥ ትልቅ አስተዋጽኦ ነው።